ስዊቸሩ፣ እኔና የእማማ ደስታ ጉልበት

እዚህ ሮም ያለን ሐበሾች ሁላችንም አገር ቤት ሳለን አንድ ነገር ነበርን። ኦስቲያ ባሕር ዳር በበጋ ጃንጥላ የሚተክለው ጓደኛዬ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበር። አብሮት የሚተክለው ደግሞ የእሱ አለቃ ነበር። ማን ሄዶ ያጣራል? እኔም የቪዲዮ ባለሙያ ነበርኩ። ይህን ያልኩት በመጣሁ በዓመቱ፣ አንድ ክርስትና ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ የቀድሞ ማዕረጉን ሲደረድር እኔ ብቻ ዝም ብዬ ስጎርስ እንዳልታይ ብዬ።

እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ለማንም እንዳታወሩ። አዲስ አበባ አንድ ሰርግ የሚቀርጽ ቪዲዮ ቤት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ መብራት መያዝ ነበር። ያቺን የሰው ዓይን የምታጠፋ አምፖል ዘንግ ላይ ሰክቼ ሙሽሮቹን እከተላለሁ፤ ካሜራማኑ «ከፍ» ሲለኝ ከፍ፣ «ዝቅ» ሲለኝ ዝቅ አደርጋለሁ። ካሜራ የነካሁት ወደ ቦርሳው ስመልሰው ብቻ ነው። ግን ውሸትና ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንን ማለቴ ነው፣ አንድ ናቸው፤ በየጊዜው ካልታደሱ ይቃጠላሉ። ስለዚህ በሦስተኛው ዓመት «ኤዲቲንግም እሠራ ነበር» አልኩ። በአምስተኛው ዓመት ቴሌቪዥን ጣቢያ ገባሁ። በሰባተኛው ትልልቅ ስብሰባ በቀጥታ የማስተላልፈው እኔ ሆንኩ። አስካለ ስትደውልልኝ ሮም ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ የት እንደደረስኩ እናንተው አስቡት።

አስካለን ላስተዋውቃችሁ። ፓሪዮሊ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንዲት አሮጊት ቤት አዳሪ ሠራተኛ ናት፤ የምትወጣው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። እንዲህ ሆና አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። በነዚህ ሐሙሶችና እሑዶች መሃል እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ባል አገኘች። ልጁ ደግ ነው፣ ዝምተኛ ነው፤ ወረቀቱ ግን ገና አላለቀም፣ ከጣሊያን ከወጣ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ሰርጉ አገር ቤት ሊሆን አልቻለም። እናቷ እማማ ደስታ ደግሞ ከደብረ ሲና እንዲመጡ ቪዛው ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለት ጊዜ አልሆነም።

«እኔ ፎቶም ቪዲዮም አልፈልግም» አለችኝ በስልክ። «የእናቴን ጉልበት ስሜ ነው መዳር የምፈልገው።»

«አስኩዬ፣ የእናትሽ ጉልበት ያለው ደብረ ሲና ነው» አልኳት።

«ቅርብ ቢሆን አንተን እጠራ ነበር?»

ሐሳቧ እንዲህ ነው። እናቷ የድግሱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ይመጣሉ። እሳቸውም በስልክ እሷን ያዩዋታል። ተንበርክካ ግድግዳው ላይ ጉልበታቸውን ትስማለች፣ ይመርቋታል፣ በቃ። እማማ ደስታ ያላቸው ድምፅ ብቻ የምታሰማ አሮጌ ስልክ ስለሆነች፣ እናትና ልጅ በነዚህ ዓመታት ተደዋወሉ እንጂ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። «ሳልመረቅ ከገባሁ እኔ አልተዳርኩም፤ ቤት ነው የቀየርኩት» አለች። ድምጿ መሃል ላይ ተሰበረ። ይሄኔ ነበር «እህቴ፣ እኔ እኮ መብራት ያዥ ነበርኩ» ማለት። እኔ ግን «አሎራ፣ እንግዲህ ስዊቸር ካለ ቀላል ነው» አልኳት። ስዊቸር የሚለውን ቃል የማውቀው የቪዲዮ ቤታችን ባለቤት «ስዊቸር ብንገዛ እኮ» እያለ ሁለት ዓመት ሲመኝ ሰምቼ ነው። ሳይገዛ ተለያየን። እዚህም አይገኝም ብዬ ተማመንኩ።

ሙሽራው በሦስተኛው ቀን ስዊቸር ተውሶ መጣ። ቶር ፒኛታራ የሚኖርበት ፎቅ ላይ አንድ ፔሩአዊ ጎረቤት አለው፤ የጸሎት ቤታቸውን ስብከት በኢንተርኔት የሚያስተላልፍ። ከእሱ ነው። ማሽኑን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ይዞ አመጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ለሁለት ቀን ዙሪያውን እየዞርኩ አየሁት።

ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ እኔም ያወቅኩት በዚያው ሳምንት ነው። ስዊቸር ማለት ከብዙ ካሜራ የሚመጣውን ሥዕል ተቀብሎ እናንተ የመረጣችሁትን ብቻ የሚያወጣ ማሽን ነው። የጫማ ካርቶን ክዳን ያክላል። ከኋላው ገመድ የሚሰካባቸው አራት ቀዳዳዎች፣ ከፊቱ ደግሞ ቁጥር ያላቸው ቁልፎች አሉት። አንድን ስትጫኑ ካሜራ አንድ ይወጣል፣ ሁለትን ስትጫኑ ካሜራ ሁለት። ቀይ የበራው አሁን እየታየ ያለው ነው፤ አረንጓዴ የበራው ወረፋ ይዞ የሚጠብቀው ነው። ወረፋ መጠበቅ ለእኛ አዲስ ነገር ስላልሆነ አረንጓዴው ቶሎ ገባኝ።

አዳራሹን ያገኙልን አባ ተስፋ ናቸው። አባ ተስፋ የካቶሊክ መነኩሴ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ሊያጠኑ ከጉራጌ አገር መጥተው ስድስተኛ ዓመታቸው ነው። እኛ ኦርቶዶክሶች ነን፤ ሥርዓቱ ጠዋት በእኛ ቤተ ክርስቲያን ያልቃል፤ ለድግሱ ግን እሳቸው አማልደው ቶር ፒኛታራ ካለ አንድ የካቶሊክ ደብር አዳራሽ አስፈቀዱልን። ቁልፉን የያዙት ሲኞራ ኢዳ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። አንድ ነገር ብቻ አሉ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሰፈሩ ጡረተኞች ቶምቦላ፣ ያቺን የቁጥር ዕጣ ጨዋታቸውን፣ ይጫወታሉ፤ በዚያ ሰዓት አዳራሹ ባዶ መሆን አለበት። ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ አልን።

እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገባሁ። ሦስት ካሜራ ነበረን፤ ሦስቱም ከተለያየ ሰው የተዋሱ። አንደኛውን ከኋላ ተከልኩት፣ አዳራሹን በሙሉ እንዲያይ። ሁለተኛውን ወደ በሩ አዞርኩት፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ ለመያዝ። ሦስተኛውን ግድግዳው አጠገብ አቆምኩት፤ አስካለ ስትንበረከክ ፊቷን ለእናቷ የሚያሳየው እሱ ነው። አራተኛው ቀዳዳ ላይ ላፕቶፕ ሰካሁ፤ እማማ ደስታ የሚመጡት በእሱ ነው። ከዚያ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ከሚያበራው ፕሮጀክተር ጋር ሁሉንም አበራሁና ግድግዳውን አየሁ። ጥቁር። ገመድ ነቅዬ ሰካሁ። ጥቁር። ሁለት ገመድ አቀያየርኩ። ይበልጥ ጠቆረ ልበል?

አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሆኜ አባ ተስፋ ደረሱ። መመሪያው በጣሊያንኛ ነው። የእኔ ጣሊያንኛ የአውቶቡስና የማእድ ቤት ነው፤ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሲገባ ትንፋሽ ያጥረዋል። አባ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወንበር ሳቡ፣ መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ፣ «እንኳን ደስ አለዎት» ከሚለው ጀምሮ ልክ በቅዳሴ ላይ መልእክት እንደሚነበብ ቀስ እያሉ በዜማ ዓይነት ያነቡት ጀመር። ዝለሉ ብል ነውር ነው። በዘጠነኛው ገጽ ላይ ቀና አሉ።

«ካሜራዎቹ ሁሉ እኩል ፍጥነት ይኑራቸው ይላል። አንዱ በሰከንድ ሃምሳ ሥዕል፣ ሌላው ስልሳ ከላከ ማሽኑ አይቀበልም።»

«እሱማ የታወቀ ነው» አልኩ።

የታወቀ ከሆነ ታዲያ አንድ ሰዓት ሙሉ ጥቁር ግድግዳ ምን ያስቀምጥሃል አላሉኝም፤ መነኩሴ ናቸው። ሁሉንም ሃምሳ ላይ አደረግናቸውና ሥዕሉ መጣ። እልል ማለት ቃጥቶኝ ነበር።

ቀጥሎ ሙከራ ደወልን። ደብረ ሲና ያነሱት ጋሼ በቀለ ናቸው፤ የእማማ ደስታ ታናሽ ወንድም፤ ዘመናዊ ስልካቸውን ይዘው ለዚሁ ቀን ከአዲስ አበባ ሄደዋል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ፔርሙስ አስደግፈው አቆሙትና እማማ ደስታን ፊቱ አስቀመጧቸው። ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ። እኔ ደህና ነኝ፣ አባ ደህና ናቸው፣ ሮም ደህና ናት፣ ሙሽራው ደህና ነው፣ ክረምቱ ደህና ነው። ከዚያ እማማ ደስታ «እናትህስ ደህና ናቸው?» አሉኝ። «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ይሄኛው ለማዕረግ የዋሸሁት አይደለም። እንዲህ ብሎ በእናት ድምፅ የጠየቀኝ ሰው ከጠፋ ብዙ ጊዜ ሆኖ ነበርና አፌ የለመደውን መለሰ። ለአንድ ደቂቃ ያህል እውነት ደህና የሆነች መሰለኝ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ ገመዶቼ ተመለስኩ።

አራትን ተጫንኩ። እማማ ደስታ ግድግዳውን ሞልተው ወጡ። ጠይም፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። «እማማ፣ አዳራሹ ይታይዎታል?» ስላቸው ጎንበስ አሉ። ትንሽ ቆዩና አሁንም ጎንበስ አሉ።

«የሙሽራው እናት ናቸው መሰለኝ» አሉ ለወንድማቸው። «ደህና ነዎት ወይ? እንኳን አብሮ አደረሰን። እንዴት ያሉ ጨዋ ናቸው፣ ጎንበስ ስል እኮ ጎንበስ ይላሉ።»

ነገሩ ምን መሰላችሁ፤ እኔ ግድግዳው ላይ ያወጣሁትን ሥዕል ማሽኑ ለእሳቸውም መልሶ እየላከላቸው ኖሯል። ዓይናቸው ደከም ያለ ነው፤ የሚነግራቸው ሰው የለም፤ ከራሳቸው ጋር ዝምድና ጀመሩ። የሙሽራው እናት አዲስ ዘመዳቸው ስለሆኑ የልጆቹን ነገር አደራ አሏቸው፤ ልጄ ሆደ ባሻ ናት፣ በክፉ አትናገሯት አሏቸው። እኔ አንድን ልጫን ብዬ ሁለትን፣ ሁለትን ልመልስ ብዬ ደግሞ አራትን እጫናለሁ። በመጨረሻ ጋሼ በቀለ ጎንበስ ብለው ስልኩን አዩና «እቴ፣ አንቺው ነሽ እኮ» አሏቸው።

እማማ ደስታ ወደ ስልኩ ቀረብ ብለው አዩ። «እንዲህ አርጅቻለሁ?» አሉ።

አባ ተስፋ ያነበቡትን ገጽ መልሰው ገለጡ። እማማ ደስታ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡትና «አስካለ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ። ጠንካራ ሆኜ ነው ትታኝ የሄደችው» አሉ። ካሜራው ነው እንዲህ የሚያደርገው፣ እኔንም ያስረጀኛል ብዬ ምዬ ተገዘትኩ። አላመኑኝም። ጥፋተኛው እኔ ነበርኩ፤ አንዲት ቁልፍ ባለማወቄ የሰው እናት ፊቷን ሸፈነች። መሬት ቢከፈት ልገባበት ነበር።

አባ ተስፋ በሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ መፍትሔውን አገኙ። ማሽኑ ሁለት መውጫ አለው፤ አንዱ ሁልጊዜ አራተኛውን ወደ ግድግዳ እንዲልክ ተደርጎ፣ ሌላው እኔ የምመርጠውን ወደ ደብረ ሲና እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። ግድግዳው የእማማ ደስታ ሆነ፣ ቁልፎቹ የእኔ ሆኑ። ልብ በሉልኝ፤ ከዚህ በኋላ እኔ የምጫነውን የሚያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሰባት ሰዓት ላይ ሙሽሮቹ መጡ። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ጭፈራው አዳራሹን አናወጠው። አስካለ ነጭ ቬሏን መሬት እያስጠረገች ገባች፤ ዓይኗ ግን ከበሩ ጀምሮ ግድግዳው ላይ ነበር። ምግብ ይቅደም፣ ሰው ይረጋጋ ስላሉ ግድግዳውን አጥፍቼዋለሁ። የእማማ ደስታ ድምፅ ግን ክፍት ነበር። አፍኜ የጣልኩት መስሎኝ ነበር፤ እንዳልታፈነ ያወቅኩት እንደሚከተለው ነው። ሦስተኛውን ካሜራ ያዋሰን ሰውዬ ሳይነግረኝ ካሜራውን ወደ ማእድ ቤቱ በር አዙሮታል፣ የምግቡን ዝግጅት ለመቅረጽ ብሎ። እኔ ደግሞ ሙሽሮቹን ላሳያቸው ብዬ ሦስትን ተጫንኩ።

«ያ ባለ ሰማያዊ ከረባት ሰውዬ ሦስተኛ ጥብስ አነሳ» የሚል የእማማ ደስታ ድምፅ በድምፅ ማጉያው አዳራሹን ሞላው። «ኧረ አራተኛ ነው።»

አዳራሹ ሙሉ ዞሮ ሰማያዊ ከረባት ፈለገ። ስድስት ሰው ከረባቱን በእጁ ሸፈነ። ድምፁን ለመዝጋት ስጣደፍ ይበልጥ ከፈትኩት፤ ጋሼ በቀለ «እሷ ሴትዮ ወጥ ስትጨምር እጇ አያራራም» ሲሉ ጨምረው ተሰሙ። ሳቁ ሲበርድ አስካለ ከሙሽራ ወንበሯ ላይ ሆና ወደ እኔ አየች። አትስቅም። «አሁን» አለችኝ በከንፈሯ ብቻ።

አሁን አልን። ግድግዳውን አበራሁ። እማማ ደስታ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ወጡ።

እኛ ደግሞ ምን ዓይነት ሕዝብ እንደሆንን ታውቃላችሁ። ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ የሚያይ የለም። አዳራሹ በሙሉ «ኖር» ብሎ ብድግ አለ። ሳህን የያዘው ሳህኑን እንደያዘ፣ ሕፃን ያቀፈችው ሕፃኑን እንዳቀፈች። በአንደኛው ካሜራ ነበር የምልክላቸው፤ ከኋላ ስለሆነ እማማ ደስታ ያዩት የሰው ጀርባ ብቻ ነው። «ምነው ጀርባቸውን ሰጡኝ? ቅር አሰኘኋቸው?» አሉ። ጋሼ በቀለ ለክብርሽ ተነስተው ነው ሲሏቸው «በእግዜር፣ በሞቴ ተቀመጡ» እያሉ እሳቸውም ተነሱ። ስልኩ ግን ፔርሙሱን ተደግፎ በተቀመጠ ሰው ልክ የቆመ ነው። ሲነሱ ጭንቅላታቸው ከግድግዳው ወጥቶ ጣሪያው ውስጥ ገባ።

እሳቸው ቆመው እኛ እንዴት እንቀመጥ? እኛ ቆመን እሳቸው እንዴት ይቀመጡ? በመሃላችን ደግሞ ሁለት ሰከንድ የሚያህል መዘግየት አለ፤ «እርስዎ ይቀመጡ» ብለን እስኪሰሙት «እናንተ ተቀመጡ» ብለው ይደርሰናል። እኔ ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ ግድግዳውን አጠፋሁት። ሰው ተቀመጠ። እሳቸውም መቀመጣችንን አይተው ተቀመጡ። አበራሁት። አሁን እንግዲህ እንደገና ገቡ ማለት ነው፤ አዳራሹ እንደገና «ኖር» ብሎ ተነሳ። ሦስት ጊዜ አስገባኋቸው፣ ሦስት ጊዜ ተነሳን፣ ሦስት ጊዜ ተነሱ። በሦስተኛው ላይ ሲኞራ ኢዳ የቶምቦላውን ሳጥን አቅፈው፣ ከኋላቸው አራት ጡረተኞች አስከትለው በሩን ከፈቱ። ሕዝቡ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሲያዩ የእኛ ብሔራዊ መዝሙር መስሏቸው ሳጥናቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

ጋሼ በቀለ ከደብረ ሲና ተጣሩ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ስልኩ አራት በመቶ ቀርቶታል። አሥራ አንድ ዓመት በአራት በመቶ።

«ቁጭ በይ፣ ፊትሽ አይታይም እኮ» ይሏቸዋል ጋሼ በቀለ። «እንግዳ ቆሞ?» ይላሉ እሳቸው። ጋሼ በቀለ ስልኩን ወደ ላይ ሊያቀኑ እጃቸውን ሲዘረጉ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ተነቃነቀ።

አስካለ ከወንበሯ ተነሳች። «እንዳትነኩት» አለች። «እንደዚሁ ተዉት።»

ያን ጊዜ ሁላችንም ግድግዳውን አየን። ፊት የለም። ያለው ከወገብ በታች ነው፤ ነጩ የሐበሻ ቀሚስ፣ የተንጠለጠለው መቀነት፣ እና ልክ በመሃሉ የእማማ ደስታ ጉልበት። አስካለ ቬሏን እየጎተተች ሄዳ ግድግዳው ሥር ተንበረከከች። ስትንበረከክ ፕሮጀክተሩን ጋረደችው፤ የእናቷ ቀሚስ ከግድግዳው ላይ ጠፍቶ የእሷ ጀርባና ቬል ላይ አረፈ። እሷ በራሷ ጥላ ውስጥ ሆና ግድግዳውን ሳመችው። አንድ ጊዜ ሳመች፣ ሁለተኛ ሳመች፣ ከዚያ ግንባሯን እዚያው አስደግፋ ቀረች።

«ልጄ የታለች?» አሉ እማማ ደስታ። «በር ብቻ ነው የሚታየኝ። አሮጊት ፈረንጅ ሳጥን አጠገብ ቆማለች። ልጄስ?»

ቁልፎቹን አየሁ። ሁለት ላይ ቀይ በርቷል። በትርምሱ መሃል ወደ በሩ ካሜራ ለውጬ ረስቼዋለሁ። ልጃቸው ጉልበታቸውን እየሳመች እሳቸው ሲኞራ ኢዳን ያያሉ። አንድን ብጫን ጀርባ ነው፤ ሦስትን ብጫን ማእድ ቤት ነው። ስዊቸሩን ጥዬ ሮጥኩ። ሦስተኛውን ካሜራ ከነእግሩ አነሳሁት፤ ገመዱ አጠረ፤ ወደ መሬት ዝቅ ሲል ስለሚደርስ በደረቴ እየተሳብኩ ግድግዳው ሥር ደርሼ ወደ አስካለ ፊት አዞርኩት።

«አባ፣ ሦስት ቁጥርን ይጫኑ» አልኩ።

«ቀዩን ነው አረንጓዴውን?»

«ሦስትን፣ አባ። ሦስትን ብቻ።»

አባ ተስፋ አማትበው ተጫኑ።

ሁለቱ ሰከንድ አለፉ። እነዚያን ሁለት ሰከንዶች አሁንም እቆጥራቸዋለሁ። ከዚያ ከድምፅ ማጉያው ትንሽዬ ድምፅ ወጣች፤ ቃል አይደለችም። ቀሚሱ ወረደ፣ እማማ ደስታ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ዘፍ አሉ፤ ፊታቸው መጣ። ነጠላው ከፊታቸው ወድቋል፤ መሸፈኑንም ማርጀታቸውንም ረስተውታል። ወደ ስልኩ ቀረቡ፣ ቀረቡ፣ እጃቸውን ዘረጉ። ደብረ ሲና ላይ የልጃቸውን ጉንጭ ለመንካት የስልኩን መስታወት ነው የዳበሱት። ሮም ላይ ግን የእጃቸው ሥዕል አንድ ሰው አክሎ ወጣ፤ በጥላዋ የተነሳ ግድግዳው ላይ ሳይሆን አስካለ ጀርባ ላይ አረፈ። መዳፋቸው ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ድረስ ሸፈናት።

«ውለጂ፣ ክበጂ» አሉ። «እንዳከበርሽኝ ልጆችሽ ያክብሩሽ። ለዓይነ ሥጋ ያብቃን፤ ልጄ፣ ለዓይነ ሥጋ…»

ግድግዳው ሰማያዊ ሆነ። አራቱ በመቶ አለቀ።

አዳራሹ ለባዶው ግድግዳ «አሜን» አለ። ሽማግሌዎቹ እሳቸው ያልጨረሱትን ምርቃት ተቀብለው ጨረሱት። ሲኞራ ኢዳ አንዲት ቃል ሳይገባቸው ከእኛ እኩል አለቀሱና የቶምቦላውን ሰዓት በግማሽ ሰዓት ገፉልን። አስካለ ስትነሳ ፊቷ ላይ ያለው ቀለም ሁሉ ተራግፎ ነበር፤ እንደዚያን ሰዓት ያማረች ሙሽራ አላየሁም። አባ ተስፋ ቁልፉን የተጫኑበትን ጣታቸውን ደጋግመው ያዩት ነበር። ወደ እኔ የመጣ ሰው ሁሉ «እውነትም ባለሙያ ነህ» ይለኛል። አላረምኳቸውም፣ አልኮራሁም።

እንግዳው ወጥቶ ሲያልቅ እኔ ገመድ ስጠቀልል የመጨረሻው ቀረሁ። ጡረተኞቹ ወንበር እያስተካከሉ ነው። ሲኞራ ኢዳ እርጥብ ጨርቅ ይዘው መጡና ግድግዳውን አሳዩኝ። ከወለሉ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ የሁለት ከንፈር ቀይ ቀለም ታትሟል፤ አጠገቡ ግንባር ያረፈበት የፊት ፓውደር ምልክት አለ። አልተቆጡም፤ ጨርቁን ሰጡኝና ወደ ሳጥናቸው ሄዱ።

ለመጥረግ መንበርከክ ነበረብኝ። ተንበረከክሁ። እኔ ከአገሬ ስወጣ የእናቴን ጉልበት ስሜ አልወጣሁም። ታክሲው ውጪ ይጮህ ነበር፤ ሻንጣውን ብድግ አድርጌ «ስመለስ» አልኳት። እሷም በሩ ላይ ቆማ «እሺ፣ ስትመለስ» አለችኝ። የሞተች ጊዜ ፔርሜሶዬ እድሳት ላይ ነበር፤ ቀብሯን በስልክ ሰማሁት። ናፍቃኛለች። በየቀኑ ትናፍቀኛለች፤ ግን የት ሄጄ፣ የትኛው ግድግዳ ሥር ወድቄ «ናፍቀሽኛል» እንደምላት አላውቅም ነበር። ጨርቁን በእጄ ይዤ ከዚያ ምልክት ፊት ቆየሁ። ከኋላዬ የቶምቦላው ቁጥሮች መጠራት ጀመሩ።

ሲኞራ ኢዳ ከጠረጴዛቸው ሆነው አይለቅም ወይ ብለው ጠየቁኝ።

«አይለቅም፣ ሲኞራ» አልኳቸው።

ጨርቁን ግን ገና ግድግዳው ላይ አላሳረፍኩትም ነበር።